ከፍልሰታ በኋላ ያሉት 19 ቀናት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ፍልሰታ ሊገባ ነው። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ከጊዮርጊስ እስከ ሥላሴ፣ ከበዓታ እስከ እስጢፋኖስ ያለው የመሀል ከተማ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሁሉ በሱባኤተኛ ይሞላል፤ ነዳያኑም ከየሰፈሩ ወደዚያው ይሰበሰባሉ። ማኅበሩ ድስት ይጥዳል፣ ባለ ስእለቱ ዳቦ ያስጭናል፣ ከውጭ አገር ለክረምት የመጣው ዘመድ ልብስ ያድላል። በጾሙ 15 ቀናት አንድ ደጅ ላይ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ምግብ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ነሐሴ 16 ኪዳነ ምሕረት ትከበራለች፣ ጾሙ ይፈታል፣ ሰዉም ወደ ቤቱ ይገባል። ከነሐሴ 17 እስከ ጳጉሜን 5 ያሉት 19 ቀናት (በዘመነ ሉቃስ 20 ይሆናሉ) ዝናቡ ገና ያላባራባቸው፣ ደጁ ግን ጭር የሚልባቸው ቀናት ናቸው።

እኛ በሰንበቴና በጽዋ ማኅበር ድስት አጠገብ የምንቆም አገልጋዮች ነን። የምንለው አንድ ነገር ነው፦ በመሀል አዲስ አበባ ለድሀ የሚወጣው ምግብ ከማነሱ ይልቅ በአንድ ሰሞን መከመሩ ይጎዳል። ስለዚህ ለፍልሰታ ካሰባችሁት ሲሶውን አንሱና ወደ እነዚያ 19 ቀናት አሻግሩት። አሠራሩን ከዚህ በታች እንዘረዝራለን፤ ምግብን ለብዙ ሰው ማዘጋጀት ቅን ልብ ብቻ አይበቃውምና።

መጀመሪያ የወሩን በዓላት በጣታችሁ ቁጠሩ። 21 ማርያም፣ 22 ዑራኤል፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 24 ተክለ ሃይማኖት፤ አራት ቀን ተከታትሎ ዳቦ አለ። 27 መድኃኔ ዓለም፣ 28 አማኑኤል፣ 29 በዓለ ወልድ፤ ያውም እንደዚያው። በ8 እና በ9፣ በ25 እና በ26 ግን ያን ያህል ሰው ወደ መሀል ከተማ ደጆች አይወጣም። ነዳያኑ ይህን ቆጠራ ከደብተራው እኩል ያውቁታል። ጉልበት ያለው በ21 ጠዋት አንዱ ማርያም ደጅ፣ ቀትር ላይ ሌላው ዘንድ፣ በማግስቱ ዑራኤል ይገኛል። እግሩ የማይሄድለት፣ ዓይኑ የማያይለት፣ ጨቅላ ያዘለችም እናት ግን ባሉበት ደጅ የደረሰውን ብቻ ይበላሉ። የበዓል ምጽዋት ሳይታወቀው የሚከፍለው ለእግር ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደተጻፈው በኢየሩሳሌም የነበረችው የመጀመሪያዪቱ ቤተ ክርስቲያን ለመበለቶች በየቀኑ ማዕድ ታድል ነበር። ከግሪክ አገር የመጡት አይሁድ «መበለቶቻችን ችላ ተባሉ» ብለው አንጐራጐሩ። የሐዋርያት መልስ «ምግብ ጨምሩ» የሚል አልነበረም፤ ማዕዱን የሚያገለግሉ ሰባት ሰዎች ተመርጠው እንዲሾሙ አደረጉ። ከሰባቱ ስሙ መጀመሪያ የተጠራው እስጢፋኖስ ነው። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው ቤተ ክርስቲያን በስሙ የተሠራለት ሰማዕት መጀመሪያ የተሾመበት ሥራ ማዕድ ማደላደል ነበር ማለት ነው። ጥፋቱ የተገኘው በእህሉ ላይ ሳይሆን በአከፋፈሉ ላይ ነበር፤ ማዕዱም «በየቀኑ» እንጂ በበዓል ቀን ብቻ አልነበረም።

አሁን ወደ ድስቱ። ለ100 ሰው የሽሮ ማዕድ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ 150 እንጀራ (ለአንድ ሰው አንድ ተኩል)፣ 5 ኪሎ ሽሮ፣ 5 ኪሎ ሽንኩርት፣ ከ2 እስከ 2 ሊትር ተኩል ዘይት፣ ግማሽ ኪሎ ነጭ ሽንኩርት፣ ሩብ ኪሎ ገደማ ጨው፣ ከ22 እስከ 25 ሊትር ውሃ። ይህ ለአንድ ሰው ሩብ ሊትር ያህል ወጥ ያወጣል። የገበያ ሽሮ ብዙ ጊዜ ጨውና ቅመም የገባበት ስለሆነ ጨውን መጨረሻ ላይ ቀምሳችሁ ጨምሩ፤ ሩብ ኪሎውን ገና ከመነሻው የጨመረ ማኅበር 25 ሊትር ወጥ ሊያበላሽ ይችላል። ምስር ከሆነ 7 ኪሎ የምስር ክክ፣ 6 ኪሎ ሽንኩርት፣ 2 ሊትር ተኩል ዘይት፣ ከ600 እስከ 700 ግራም በርበሬና ወደ 20 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። በርበሬውን ለቤታችሁ ከምትጨምሩት ቀንሱ። ባዶ ሆድ የሰነበተ ሰው የሚያቃጥል ወጥ ሲበላ ማታ በሕመም ይቀጣል፣ መጸዳጃ በሌለበት ጎዳና ላይ ደግሞ ይህ ትልቅ መከራ ነው።

አንድ 60 ሊትር ድስት ከመጣድ ሁለት ባለ 30 ሊትር ይሻላል። ትልቁ ድስት እላዩ ሳይፈላ ታቹ ያርራል፤ ለሸክምም አደገኛ ነው። ባለ 30ው እንኳ ሲሞላ ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ስለዚህ በጆሮው እንጨት አስገብቶ ሁለት ሰው ይያዘው፤ ዝናብ ባራሰው ድንጋይ ላይ ደግሞ ሦስተኛ ሰው መንገድ ያስለቅቅ። ድስትና ድንኳን መግዛት አያስፈልግም። አብዛኛው እድር ብረት ድስት፣ ሳህን፣ አግዳሚ ወንበርና ድንኳን አለው፣ ሐዘን በሌለበት ቀን ለእንዲህ ያለ ሥራ ሲጠየቅም እምብዛም አይከለክልም። ከመውሰዳችሁ በፊት የሳህኑን ቁጥር ከእድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ ጋር አብራችሁ ቁጠሩ፤ ስትመልሱም እንዲሁ። የጎደለ ሳህን የሚያስነሳው ቅሬታ የሚቀጥለውን ዓመት ብድር ይዘጋል።

ሽሮው እንዳይጓጉል ዱቄቱን በፈላ ውሃ ላይ አትበትኑ። ቀድማችሁ በሌላ ዕቃ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡትና እያማሰላችሁ በቀስታ ገልብጡት። ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሱለት፤ ከታች እንዳይዝ ረጅም ማማሰያ የያዘ ሰው ሳይለይ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይንተክተክ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጥራጥሬ ቆላ ከሚፈጅበት ጊዜ በላይ እዚህ ይፈጃል። ሰው ሲጠብቅ «ፈልቷል፣ ይበቃል» ተብሎ የወረደ ሽሮ ሆድ ይነፋል። ሽምብራና ባቄላ የገባበት ንፍሮ ከሆነም ሌሊቱን ሳይዘፈዘፍ አይጣድ፤ ጥርስ ለሌለው ሽማግሌ ያልበሰለ ሽምብራ ድንጋይ ነው።

የፍልሰታ ትልቁ ችግር ግን ሰዓቱ ነው። በጾሙ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴው የሚገባው ወደ ቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን የሚወጣው 9 ሰዓት ገደማ ነው። ብዙዎቹ ነዳያን እንደማንኛውም ምእመን ጾሙን ስለሚጠብቁ ከዚያ በፊት አይበሉም። ብዙ ማኅበር ግን ለሥራ እንዲመቸው ወጡን ማታ ወይም ሌሊት ይሠራዋል። ማታ የተሠራ 30 ሊትር ወጥ ክዳኑ ተገጥሞ ሲያድር እላዩ ይበርዳል እንጂ መሀሉ እስከ ንጋት ለብ እንዳለ ይቆያል። መፍላት የማይገድላቸው አንዳንድ ተሕዋስያን አሉ፤ በዚያ ለብታ ውስጥ ይራባሉ። ጠዋት ክዳኑ ሲነሣ አረፋና የኮመጠጠ ሽታ ካለ ጉዳዩ ግልጽ ነው፣ ይደፋል። ክፋቱ ሽታ ሳይኖረውም መጉዳቱ ነው። ጠዋት ማሞቅም ሁልጊዜ አያድነውም፤ አንዳንዱ ተሕዋስ የሚተወው መርዝ ሙቀት ይችላልና።

ስለዚህ ሰዓቱን ከኋላ ወደ ፊት ቁጠሩ። በ9 ሰዓት ለሚቀርብ ማዕድ ሽንኩርቱ በ3 ሰዓት ይከተፍ፣ ድስቱ ከ6 ሰዓት በፊት አይጣድ፣ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ይውረድ፣ ከወረደ በኋላም ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይለቅ። ማታ መሥራት የግድ ከሆነ ወጡን ወዲያው ዝቅ ባሉ ሰፋፊ ሳፋዎች ከአራት ጣት በማይበልጥ ጥልቀት አከፋፍላችሁ አቀዝቅዙት፤ እንደቀዘቀዘም ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡት፣ በነጋታው ደግሞ ዳር እስከ ዳር እስኪፈላ አሙቁት። ማቀዝቀዣ ከሌለ ማታ አትሥሩ። ቅዳሜና እሑድ ቅዳሴው ጠዋት ስለሆነ ይህ ችግር ይቀላል፤ አዲስ የሚጀምር ማኅበር እሑድን ቢመርጥ ጥሩ ነው።

ክረምቱ የሚያመጣቸው ሌሎች ችግሮችም አሉ። ዝናብ ሲያባርራችሁ የከሰል ምድጃውን ወደ ተዘጋ ክፍል አታስገቡ፤ የከሰል ጭስ ሳይታይና ሳይሸት ሰው ይገድላል። እንጀራው ገና ትኩስ ሳለ በላስቲክ ከተጠቀለለ ያልበዋል፣ ቶሎም ይሻግታል፤ አብርዳችሁ በመሶብ ወይም በጨርቅ በተሸፈነ ቅርጫት አምጡት። የተረፈ እንጀራ በበጋ ድርቆሽ ይሆናል፣ በነሐሴ ግን ከመድረቁ በፊት ይሻግታል። ጫፉ የሻገተውን ቆርጦ «መሀሉ ደህና ነው» ብሎ መስጠት ልማድ ሆኗል፤ ሻጋታው ዓይን ከሚያየው አልፎ ውስጥ ስለሚገባ ለልጆቻችን የማንሰጠውን ለድሀ መስጠት አይገባም። ፌስታል ውስጥ ትኩስ ወጥ መቅዳትም ይቅር። ይቀደዳል፣ እጅ ያቃጥላል፣ ሳይቀደድ ቢደርስ እንኳ ከእንጀራው ጋር ተላቁጦ የሚበላው ሰው በጭቃ ላይ ቁጭ ብሎ በጣቱ ይጠርገዋል።

ውሃ ይረሳል። ለ100 ሰው 50 ሊትር የሚጠጣና 50 ሊትር እጅ መታጠቢያ ያስፈልጋል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አምስት ማለት ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከዋዜማው ይቀዳ። ሳህን በሦስት ሳፋ ይታጠብ፦ በአንደኛው ሳሙና፣ በሁለተኛው ንጹሕ ውሃ፣ በሦስተኛው ደግሞ ለ10 ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በረኪና ተጨምሮበት፤ ከዚያ ሳይወለወል በራሱ ይድረቅ። 50 ሳህን ላለው ማኅበር ሁለት ዙር ማስተናገድ የሚቻለው ይህ ከተሠራ ነው።

ስለ ምግቡ ዓይነት አንድ ነገር ማንሣት ግድ ነው። በጾም ወራትና በረቡዕ፣ በዓርብ የጾም ምግብ ማቅረብ እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል፤ በፍስክ ቀንም ቢሆን ግን የጾም ምግብ ይመረጣል። ደጁ ላይ ከተቀመጡት መካከል ሙስሊሞች አሉ፣ ክርስቲያን ያረደውን ሥጋም አይበሉም። የሥጋ ወጥ ያቀረበ ማኅበር ሳያስበው እነሱን ከማዕዱ ያስነሣቸዋል፤ ሽሮና ምስር ግን ማንንም አያስነሡም። ረመዳን ከሆነ ድርሻቸውን በንጹሕ ዕቃ አድርጋችሁ ለማታ ይውሰዱት። «ተርቤ አብልታችሁኛልና» ያለው ጌታ የተራበውን ሃይማኖት ሲጠይቅ አልተጻፈም። ለዝክር የተጠመቀውን ጠላ ደግሞ ከደጁ አርቁት፤ ባዶ ሆድ ላለውና መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አይሆንም።

ከመቶው ውስጥ እንጀራ የማይበሉ 15 እና 20 ሰዎች ይኖራሉ። ጥርስ ለሌላቸው በመረቅ የራሰ ፍትፍት ለብቻው ይዘጋጅ። አጥሚት ከሆነ 1 ኪሎ የአጃ ዱቄት በ10 ሊትር ውሃ ለ20 ሰው ይበቃል፤ ትንሽ ስኳርና ቁንጥር ጨው ይግባበት። ለቀናት ምንም ሳይበላ የተኛ ሰው ካገኛችሁ ሙሉ ሳህን አትስጡት። ቀጠን ያለ አጥሚት በትንሽ በትንሹ ስጡት፣ ቶሎም ጤና ጣቢያ ይድረስ፤ በረሃብ የተጎዳ ሰውነት ብዙ ምግብ ድንገት ሲገባበት ሕይወትን እስከ ማሳጣት ይጎዳል። ለምታጠባ እናት ድርሻዋ ሁለት ነው። ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ያገኙ የነበሩ ልጆችም ክረምቱን ከእናቶቻቸው ጋር ደጅ ይውላሉ፣ ስትቆጥሩ እነሱን አትርሱ።

አቀማመጡ ከምግቡ አያንስም። ብዙዎች ሰልፍ ያሰልፋሉ። ሰልፍ ለጎበዝ ነው፤ ሽማግሌው ሦስቴ ተገፍቶ ከኋላ ይቀራል፣ ዓይነ ስውሩ ሰልፉ የት እንደሚያልቅ አያውቅም። ወረቀት ማደልም ተሞክሯል፤ ወረቀቱ ይሸጣል፣ ደካማውም ይነጠቃል። የሚሠራው ማስቀመጥ ነው፦ ከ12 እስከ 15 ሰዎች በየረድፉ ይቀመጡ፣ ለአንድ ረድፍ አንድ አገልጋይ ይመደብ፣ ምግቡ ወደ ሰው ይሂድ። ለ100 ሰው 8 አስተናጋጅ፣ 2 ቀጂ፣ 2 ውሃ አቅራቢና 3 አጣቢ ይበቃሉ። የመጀመሪያው ሳህን ማየትና መራመድ ለማይችሉት ይድረስ፤ አእምሮው ታሞ ከግንብ ሥር ለብቻው ለተቀመጠው ደግሞ አንድ ሰው ለይታችሁ መድቡ፣ ያለበት ድረስ ይውሰድለት። ጭልፋውን አስቀድማችሁ በግማሽ ሊትር የውሃ ጠርሙስ ለኩት፤ ጠርሙሱን በሁለት ጊዜ የሚሞላው ልክ ነው። ቀጂው በልግስና ለመጀመሪያዎቹ 40 ሰዎች አትረፍርፎ ከቀዳ የመጨረሻዎቹ 20 ባዶ ሳህን ይዘው ይቀራሉ፤ ጠብም የሚነሣው እዚያ ላይ ነው።

ቆጠራውን ከሳምንት በፊት በዚያው ቀንና በዚያው ሰዓት ሄዳችሁ አድርጉት፤ የበዓል ቀን ቆጠራ ለተራ ቀን አይሆንም። 100 ከቆጠራችሁ ለ115 አብስሉ። ትርፉ ከእይታ ውጭ ይቀመጥ። «እያለቀ ነው» የምትል ቃል ከአገልጋይ አፍ እንዳትወጣ፤ ተቀምጦ የነበረው ሁሉ ብድግ የሚለው በእሷ ነው። የእውነት ካለቀም ሰብሳቢው ራሱ ወጥቶ በትሕትና ይናገር፣ ያልደረሳቸውንም ለይቶ ዳቦ ይግዛላቸው። ሲራክ መልካም ሥራን በሚያስከፋ ቃል እንዳናበላሽ ያስጠነቅቃል። «ተቀመጥ አንተ!» እየተባለ የተበላ ሽሮ ጨው ቢኖረውም አይጣፍጥም።

ስለ ሳንቲም ብዙ አንልም። ከደጁ ተዘርዝሮ ለመቶ እጅ የሚበተነው ሳንቲም ለሰጪው የመስጠት ደስታ ነው፤ ተቀባዩ ግን የብዙ ሰው ሳንቲም ሰብስቦም የአንድ ዳቦ ዋጋ ላይሞላለት ይችላል። ያንኑ ገንዘብ ለአንድ ማኅበር የሽሮ ማዋጫ ብትሰጡት ሙሉ ሳህን ይሆናል።

ስለ ስልክ ግን እንላለን። ማዕድ ሲቀርብ ተንቀሳቃሽ ምስል የሚቀርጽ አገልጋይ በዝቷል፤ አጎራረሱን ሳይቀር አስተካክሎ እንደገና የሚያስደግም አለ። ሰበቡ «ሌላው እንዲነሣሣ» ነው። ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ ከተባለ መንደሩ ሁሉ እንዲያውቅ የሚፈቅድ አንቀጽ ከየት መጣ? ቋንቋችን ለማኙን «የኔ ቢጤ» ይለዋል። ቢጤህን ሲበላ አትቀርጸውም፤ አንተም ስትበላ እንዲቀርጽህ አትፈቅድም። ለለጋሹ ማስረጃ ካስፈለገ የገበያውን ደረሰኝና የታጠበውን ድስት ፎቶ አንሡ።

ደረሰኝ ካነሣን፣ ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክቱ ምዕራፍ 8 የድሆችን መዋጮ ብቻውን አልያዘም፤ ማንም እንዳይነቅፈው ሌሎች ወንድሞችን አብሮ ልኳል። ሰብሳቢ፣ ገንዘብ ያዥና ጸሐፊ ሦስቱም ካልፈረሙ ገንዘብ አይውጣ። ሒሳቡ በወረቀት ተጽፎ ከማዕዱ በኋላ በዚያው ሳምንት ለአባላቱ ይነበብ። በአብዛኞቹ ማኅበራት መካከል የሚገባው ቅሬታ ከስርቆት የሚነሣ አይደለም፤ ያልተጻፈ 2 ሊትር ዘይት ይበቃዋል።

በመሀል ከተማ ሥራውን ያከበደው ሌላ ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ ሰፈሮች ሲፈርሱ ብዙ ነዋሪ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛወረ፤ የሰንበቴውና የጽዋው አባላትም ከዚያ ጋር ተበተኑ። ነባሩ ደብር አለ፣ ነዳያኑም አሉ፣ ድስት የሚጥደው ሰው ግን ሁለት ታክሲ ይዞ ነው የሚመጣው። ለነዳያኑ በጓሮ በር ፍርፋሪ ያወጡ የነበሩ ትናንሽ ምግብ ቤቶችም ከሰፈሩ ጋር ሄደዋል። ስለዚህ አንድ ማኅበር ለብቻው በየሳምንቱ ያብላ ማለት አይቻልም፤ አስፈላጊም አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። 19ኙ ቀናት ለ10 ማኅበራት ቢከፋፈሉ ለአንዱ የሚደርሰው ሁለት ቀን እንኳ አይሞላም። አንድ አጥቢያ ብቻውን 10 ማኅበር ባይኖረው ከጎረቤቱ ጋር ይደምር፤ ከሥላሴ በዓታ በእግር የደቂቃዎች መንገድ ነው።

አከፋፈሉ ቀላል ነው። አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ 19ኙ ቀናት ይጻፉና ከደብሩ ጽሕፈት ቤት ተፈቅዶ ሰበካ ጉባኤው ዘንድ ይለጠፍ። ማኅበሩ ቀኑን፣ የሚያቀርበውን ምግብና የሰውን ብዛት ይጻፍ፤ የማኅበሩን ስም ጸሐፊው ብቻ ቢያውቀው ይበቃል። ቀኑ ላይ መድረስ ያልቻለ ማኅበር ሦስት ቀን ቀድሞ ያሳውቅ። ድስት ለመጣድ ሰው የሌለው ማኅበር ደረቅ ቀን ይያዝ፦ ለ100 ሰው 10 ኪሎ የስንዴ ዱቄት 130 እና 140 ግራም የሚመዝኑ 100 ዳቦዎች ያወጣል፤ 20 ሊትር ሻይ በ2 ኪሎ ስኳር ይጨመርበት፣ ሁለት ሰውም ያስተናግደዋል። በየቀኑ ሰው ለሚያበሉ ቤቶች፣ ለምሳሌ ስድስት ኪሎ ላለው የማዘር ቴሬዛ እህቶች ቤት መስጠት የፈለገ ደግሞ የበሰለ ምግብ ጭኖ ድንገት ከመሄድ የጎደላቸውን ጠይቆ ቢሄድ ይሻላል። ልብስም ብትሰጡ አጥባችሁና አድርቃችሁ፣ የጫማውን ጥንድ በክር አስራችሁ፣ ብርድ ልብሱንም ከላስቲክ ጋር ይሁን፤ በነሐሴ ዝናብ ላስቲክ የሌለው ብርድ ልብስ በአንድ ሌሊት ጨርቅ ብቻ ይሆናል።

ከጋዜጣው የምንጠይቀው አንድ ትንሽ ቦታ ነው። በማስታወቂያ ገጻችሁ ላይ እነዚህን 19 ቀናት አውጡልን፤ የተያዘው እየተሰረዘ በየሳምንቱ ይታተም። 21፣ 24 እና 27 ራሳቸው ሰው ስለሚያገኙ ለኋላ ይቆዩ። ሌሎቹ ከመያዛቸው በፊት ነሐሴ 18፣ 20፣ 25፣ 26 እና 30 ይያዙ፤ ከጳጉሜን ደግሞ ከ3ቱ ሩፋኤል በቀር ያሉት በሙሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሰንበቴ አገልጋዮች፣ ከአራዳ
(ስማችንና አድራሻችን ለዝግጅት ክፍሉ ተገልጿል)